በአንድ ፖድ አቦልም ቶናም አይወጣም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ነርስ ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የማታ ሺፍት ነው የምገባው። ባለቤቴ ለልደቴ እጀታዋን አንስተሽ ፖድ፣ ማለትም ለአንድ ኩባያ ተመጥኖ የታሸገ ቡና፣ ከተሽ የምትዘጊያትን ማሽን፣ ኬ-ካፕ የሚባለውን ፖድ የምትቀበለውን ገዛልኝ። ቡናው ውሃ ውሃ ይለኛል። ኢትዮጵያ የሚል የተጻፈበትን ገዝቼም ያው ነው። ለመቆጠብ ብዬ አንዱን ፖድ ሁለቴ እጠቀመዋለሁ፣ እንደ ቶና መሆኑ ነው፣ እሱማ ጭራሽ አይጠጣም። ከዛ እናቴ የላከችልኝን ቡና ቆልቼ ፈጭቼ፣ እየታጠበ በሚሞላው ፖድ ብሞክር ወይ ጠብ ጠብ እያለ ግማሽ ኩባያ ይሰጠኛል ወይ አተላው አብሮ ይወርዳል። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው? ጓደኛዬ 19 ባር ያለውን ኔስፕሬሶ ግዢ፣ ጀበና የሚመስለው እሱ ነው ትለኛለች። ፕላስቲኩ ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ?»

ማሽኑ አልተበላሸም፣ ግን ራስሽ አረጋግጪ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ምንም ፖድ ሳትከቺ እጀታውን ዝጊና 10 አውንስ የሚለውን ተጫኚ። ሙሉ ኩባያ ትኩስ ውሃ ሳይንገራገር ከወረደ ፓምፑም ማሞቂያውም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ከምትከቺው ነገር ነው ማለት ነው። ባዶዋን ሆና እያጓራች ግማሽ ኩባያ ብቻ ካወጣች ደግሞ ወይ ፖዱን የሚወጋው መርፌ ተደፍኗል ወይ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል፣ እሱንም እመጣበታለሁ። ከጻፍሽው ግን በተገዛው ፖድ ኩባያው እየሞላ በእናትሽ ቡና ብቻ ነው የሚያንስብሽ፣ ስለዚህ ጥፋቱ አፈጫጩ ላይ ነው። እኔ እነዚህን ማሽኖች ስከፍት ስዘጋ ነው የምውለው፣ ሐበሻ ቤት ተበላሸ ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ ስንቱን ስከፍተው መርፌው ላይ እንደ ሲሚንቶ የደረቀ የጀበና ቡና ነው የማገኘው።

መጀመሪያ ስለ ቅጥነቱ። ይቺ ማሽን ከጀበና ጋር ልትፎካከር አልተሰራችም። ኬ-ካፕን ያመጣው ካምፓኒ፣ ኪዩሪግ፣ የተቋቋመው በ1992 ማሳቹሴትስ ውስጥ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ የመጀመሪያዎቹን ማሽኖች በ1998 የሸጠው ለቢሮ ነበር፣ ለቤት የሚሆነው የመጣው በ2004 ነው። ቢሮ ውስጥ የነበረው ችግር ጠዋት የተፈላ ቡና የጋለ ሳህን ላይ እስከ ከሰዓት ተጥዶ ሲያር ሰው እየተነጫነጨ መጠጣቱ ነው፣ ፖዱ ያንን ፈታ፣ አለቀ። ፖዱን ቀድደሽ ብታዪው የምታገኚው ቡናና የወረቀት ማጥለያ ነው፣ ከላይ አንድ መርፌ ክዳኑን ወግቶ ውሃ ይለቃል፣ ከታች ሌላ መርፌ ያስወጣል፣ ሌላ ምንም የለም። እንደ ኤስፕሬሶ ያለ ግፊት የለውም፣ ለአንድ ሰው የተመጠነ ፊልተር ቡና ነው።

አንድ ኬ-ካፕ ውስጥ ያለው ቡና ከ9 እስከ 12 ግራም ነው። ለፊልተር ቡና የተለመደው ልክ በሊትር ውሃ 55 ግራም አካባቢ ስለሆነ 10 ግራም ቡና መሸከም የሚችለው 180 ሚሊሊትር ያህል ነው፣ ማለትም 6 አውንስ የሚለውን ትንሿን በተን። አንቺ 10ሩን ስትጫኚ ወደ 300 ሚሊሊትር ውሃ ነው የምታወርጂበት፣ 12ቱን ከሆነ 350። እንኳን በሲኒ ጠጥቶ ያደገ ሰው አሜሪካኖቹም ውሃ ነው ይሉታል። ሁሌ 6ቱን ብቻ ተጫኚ፣ ስትሮንግ የሚል በተን ካላት እሱን ጨምሪበት፣ ውሃውን ቀስ እያደረገ ስለሚለቅ ትንሽ ይወፍራል። ኩባያው ጎደለ ብለሽ ካዘንሽ ሁለት ፖድ በ6 በ6 አውርጂበት፣ አንዱን ግን አትለጥጪው።

አንዳንድ ሰው ውሃው በደንብ ስለማይፈላ ነው ይላል፣ ልክ ነው ይቺ ማሽን ውሃውን የምታደርሰው 89 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ ለፊልተር የሚመከረው ደግሞ ከ90 እስከ 96 ስለሆነ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ግን እስቲ አስቢው፣ አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዛ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፣ እና ማን ነው የእናትሽን ቡና ቀጠነ ያለው? ልዩነቱ ሙቀቱ ሳይሆን ጊዜው ነው። ጀበና ውስጥ ቡናው ከውሃው ጋር ደቂቃዎች ይንተከተካል፣ ከዛ እስኪሰክን ደግሞ ይቀመጣል። እዚህ ውሃው ፖዱን አቋርጦ የሚያልፈው ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ነው።

ኢትዮጵያ የሚለው ፖድም ቢሆን አልዋሸሽም፣ ቡናው ይርጋጨፌ ወይ ሲዳማ ሊሆን ይችላል። ግን አንቺ የናፈቀሽ ጣዕም የፍሬው ብቻ እኮ አይደለም። ምጣድ ላይ ወዝ እስኪያወጣ መቆላቱ፣ ወዲያው መወቀጡ፣ መንተክተኩ፣ ያ ሁሉ ተደምሮ ነው። ፖዱ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ለስለስ ተደርጎ የተቆላ፣ ከስንት ጊዜ በፊት ተፈጭቶ አየሩ በናይትሮጅን ተተክቶ የታሸገ ነው፣ ናይትሮጅኑ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል እንጂ ትኩስ አያደርገውም።

ቶናውን ግን ዛሬውኑ ተይው። በጀበና ቶና የሚሆነው አተላው እዛው ስላለ ውሃ ጨምረሽ እንደገና ስለምታፈይው ነው፣ ልሙ ዱቄት ሲፈላ የቀረውን ይለቃል፣ ለበረካም ይተርፋል። ፖድ ውስጥ የመጀመሪያው ውሃ ቶሎ የሚሟሟውን ነገር፣ ጣፋጩን፣ ኮምጠጥ የሚለውን፣ ካፌኑንም አብዛኛውን ይዞት ይወርዳል። ሁለተኛው ውሃ የሚያገኘው ምሬቱንና እንጨት እንጨት የሚለውን ነው። በዛ ላይ የራሰው ወረቀት ሊቀደድና አተላው የታችኛው መርፌ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለቶና ብለሽ ፖዱን ውስጥ ትተሽ 12 ሰዓት ሺፍት ገብተሽ ከተመለስሽ ደግሞ እርጥብ አተላ በሞቀና በተዘጋ ቦታ ሲውል ሻጋታ መጥራት ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ቡና። ለጀበና የሚፈጨው ልም ነው፣ መሆንም ያለበት እንደዛ ነው፣ ምክንያቱም ጀበና ማጥለያ አያስፈልገውም፣ ዱቄቱ ይሰክንና ከላይ ትቀጂዋለሽ። የሚሞላው ፖድ ግን ሽቦ ወንፊት ነው። ልሙን ዱቄት ስትሞዪበት ከሁለት አንዱ ነው የሚሆነው፣ ወይ ዱቄቱ ረጥቦ እንደ ጭቃ ይጋገርና ውሃው ማለፊያ ያጣል፣ ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ነው፣ ወይ ውሃው በአንድ ጎን ሰርስሮ ዱቄቱን ይዞት ይወጣል፣ አተላው እሱ ነው። ቆንጥረሽ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መሀል እሺው። እንደ በርበሬ ዱቄት ለስልሶ ጣትሽ ላይ ከተለጠፈ የጀበና ነው። እንደ ገበታ ጨው ከቆረቆረሽ፣ ማለትም ከሽርክት የደቀቀ ከዱቄት የሻከረ ከሆነ፣ ለፖዱ ይሆናል። ቅመም በምትፈጪባት ባለስለቷ መፍጫ ከሆነ ሁለት ሁለት ሰከንድ እየተጫንሽ፣ እያቆምሽ፣ ነቅነቅ እያረግሽ ፍጪ፣ ዝም ብለሽ ተጭነሽ ከያዝሻት ግማሹ ዱቄት ግማሹ ጥሬ የሚያክል ትሰጥሻለች።

ሌላ ደግሞ ሐበሻ የማይወደውን ልናገር፣ ቆልተሽ ወዲያው አትክተቺው። አሁን የተቆላ ቡና ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልቶታል፣ ጀበና ሲገነፍል የምታዪው አረፋ አንዱ ምክንያቱ እሱ ነው። ጀበና አፉ ክፍት ስለሆነ ግድ የለውም፣ የተዘጋ ትንሽ ፖድ ውስጥ ግን ጋዙ ቡናውን ያሳብጥና ውሃውን እየገፋ ያስቸግራል። ፋብሪካዎቹም ጋዙ እስኪወጣ ሳያሳርፉ አያሽጉም፣ ያለዚያ ክዳኑ እንደ ፊኛ ይወጠራል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር፣ ሁለት ቀን ቢያድር ይሻላል። (ቁዪው ስልሽ ደግሞ አፓርትመንት ከሆንሽ የጭስ ማንቂያውን አትርሺ፣ ምጣዱን በረንዳ ማውጣት ካልፈቀዱልሽ እናትሽ እዛው ቆልታ ብትልክልሽ ነው የሚቀለው፣ ለማሽኑ ትንሽ ቢቆይም አይከፋውም።) ስትሞዪ ከአፉ ልክ የሆነ፣ ያልተቆለለ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አድርጊ፣ በጣት አትጠቅጥቂው፣ ከላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ይኑረው። አሁንም አተላ ከመጣ ለነዚህ የሚሆኑ ትንንሽ የወረቀት ማጥለያዎች ይሸጣሉ፣ አንዷን ወንፊቱ ውስጥ አንጥፊ። የምትገዢው የሚሞላ ፖድ ከማሽንሽ ሞዴል ጋር እንደሚሄድም እዪ፣ በ2014 የወጡት 2.0 የሚባሉት የፖዱን ክዳን እያነበቡ የኛ ካልሆነ አንሰራም ይሉ ነበር፣ ሰው ሲጮህባቸው ነው በ2015 የሚሞላውን የመለሱት።

እስካሁን በልሙ ቡና ስላሰራሻት መርፌዎቹን አጽጂ። ከሶኬት ንቀይ፣ የፖዱን መያዣ አውጪና እጠቢው፣ ከዛ የወረቀት መያዣ ክሊፕ አቃንተሽ የላይኛው መርፌ ጫፍ ያሉትን ቀዳዳዎችና የታችኛውን ቀስ እያልሽ ጎርጉሪ። ስለ መርፌ መወጋት ነርስን አላስተምርም፣ ግን ሹል ናቸው፣ በእንቅልፍ አይን አይነኩም። ጨርሰሽ ሁለት ኩባያ ባዶ ውሃ አውርጂ፣ የሚወጣውን ጥቁር ነገር ስታዪ ትገረሚያለሽ።

ነጩ ቅርፊት ማንቆርቆሪያ ስር የምታዪው አይነት ነው፣ ከውሃው የሚመጣ ካልሲየም። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ አንዴ ይጸዳል። እኔ ሲትሪክ አሲድ ነው የማዘው፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጃርና የማርማላታ ዕቃ የሚሸጥበት ጋ ይገኛል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠሽ ያለ ፖድ ግማሹን አውርጂ፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ የቀረውን ጨርሺና የማሽኗን የውሃ መያዣ ሁለት ሶስት ጊዜ በንጹህ ውሃ ሞልተሽ አሳልፊበት። ነጭ ኮምጣጤም ይሰራል፣ ግን ሽታው ቡናሽ ውስጥ ቀናት ይቆያል፣ ጎማዎቹንም ይጎዳል ብለው የሚከለክሉ ካምፓኒዎች ስላሉ ማኑዋሉን አንብቢ። በረኪና ግን በምንም መልኩ አይገባም፣ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ በጠባብ ኩሽና ውስጥ ቀልድ አይደለም።

ጓደኛሽ የምትለው 19 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የፓምፑ ጣሪያ ነው እንጂ ቡናው ላይ የሚያርፈው ግፊት አይደለም፣ ኤስፕሬሶ የሚሰራው 9 ባር አካባቢ ነው። ኔስፕሬሶ የተነሳው ከሌላ ሀሳብ ነው፣ ኤሪክ ፋቭር የሚባል የኔስሌ መሀንዲስ የጣልያን ቡና ቤት ኤስፕሬሶን ሰው ቤት ለማስገባት ብሎ በ1976 ፓተንት ያስወጣበት ነው፣ ካምፓኒው የተቋቋመው በ1986 ነው። ከኔስፕሬሶ የሚወጣው ወፍራም ቡና እንደሆነ አልክድም። ግን ኦሪጅናል የሚባለው የኔስፕሬሶ አይነት አንዷ ካፕሱሉ፣ ማለትም ፖዱ፣ የምትይዘው ከ5 እስከ 6 ግራም ነው፣ ካንቺ ፖድ ግማሽ፣ የምትሰጥሽም 40 ሚሊሊትር ነው፣ ሲኒ አይሞላም። ወፍራም የመሰለው ውሃው ስላነሰ ነው። ካፌኑ ደግሞ ከ50 እስከ 80 ሚሊግራም አካባቢ ሲሆን ኬ-ካፕ ከ75 እስከ 150 ይሰጣል፣ ስለዚህ ሌሊት ለመንቃት ከሆነ የቀጠነብሽ ፖድ ነው የበለጠ የሚያነቃሽ። ሳጥኑ ላይ ያለው የጥንካሬ ቁጥርም ስለ አቆላልና ስለ ጣዕም እንጂ ስለ ካፌን አይደለም፣ በዚህ ስንቱ ይሸወዳል። ቨርቱዎ የሚባለው በ2014 አሜሪካ የገባው አይነት ደግሞ ጭራሽ በግፊት ሳይሆን ካፕሱሉን በደቂቃ እስከ 7,000 ጊዜ እያሽከረከረ ነው የሚሰራው፣ የካፕሱሉን ጠርዝ ባርኮድ ካላነበበ አይነሳም፣ የእናትሽን ቡና ልትሞዪበት ብትሞክሪ ጸጉርሽን ነው የምትነጪው። በዛ ላይ የሁለቱም የኔስፕሬሶ አይነቶች ቡና ላይ የሚንሳፈፈው አረፋ ከጀበና በተቀዳ ሲኒ ላይ የለም። ማንም ማሽን ጀበናን አይመስልም፣ ውድ የሆነውም ርካሹም።

ስለ ካንሰሩ፣ አሁን የሚሸጡት የኪዩሪግ ፖዶች ፖሊፕሮፒሊን ናቸው፣ ከታች 5 ቁጥር አለባቸው፣ የእርጎ ኩባያና ማይክሮዌቭ ውስጥ የምትከቺው ሳህን የሚሰራበት ፕላስቲክ ነው፣ ለሙቅ ነገር የተፈቀደ። የኔስፕሬሶ አሉሚኒየምም ቡናው በቀጥታ እንዳይነካው ውስጡ በስሱ ተቀብቷል። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ስለ ቡና ያለውን መረጃ ገምግሞ ቡና ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚለው ምድብ አውጥቶታል፣ ይልቅ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ያለው ከ65 ዲግሪ በላይ ሆኖ የሚጠጣን ማንኛውንም መጠጥ ነው። ስለዚህ ፕላስቲኩን ከምትፈሪ እያቃጠለሽ መጠጣቱን ተይ። በካፌን ደግሞ ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ነው የሚባለው፣ እርጉዝ ከሆንሽ 200፣ ይሄን ካንቺ በላይ አላውቅም። ፖዱን የሚወቅሱት በቆሻሻው ቢሆን እሺ እላለሁ፣ ከፈለሰፉት አንዱ ጆን ሲልቫን ራሱ አንዳንዴ እንደሚጸጽተው በ2015 ተናግሯል፣ ሀምቡርግ ከተማም በ2016 በመንግስት ገንዘብ እንዳይገዛ ከልክሏል። ሪሳይክል ልታደርጊ ካልሽ ክዳኑን ልጠሽ አተላውን አራግፈሽ ነው፣ ከነአተላው የተጣለ የትም አይደርስም።

ብሩንም አስቢው፣ አንድ ፖድ 60 ሳንቲም ነው ብንል አንድ ፓውንድ ቡና ከ40 በላይ ፖድ ነውና ፓውንዱን ወደ 27 ዶላር እየገዛሽው ነው፣ በኔስፕሬሶ ካፕሱል ከእጥፍ ይበልጣል፣ እናትሽ የላከችልሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ።

ስለዚህ ኔስፕሬሶውን አትግዢ። ያለችሽን ማሽን መርፌዋን አጽጂ፣ በሲትሪክ አሲድ አንዴ እጠቢያት፣ ለሺፍት መግቢያ በ6 አውንስ ተጠቀሚባት። ለሁለተኛ ማሽን ልታወጪ የነበረውን ገንዘብ ቡር ግራይንደር ለሚባለው መፍጫ አውዪው፣ እንደ ወፍጮ በሁለት ጥርስ መሀል እያሳለፈ እኩል ነው የሚፈጨው፣ ልኩን ወደ ሻካራ አዙረሽ ለፖዱ፣ ወደ ልም መልሰሽ ለጀበና ትጠቀሚበታለሽ። የጀበናውን ጣዕም ከማሽኗ አትጠብቂ፣ ኦፍ በሆንሽ ቀን ጀበናውን ጣጂ። ዛሬ ያለ ፖድ ሞክረሽ ኩባያው ካልሞላ፣ መርፌውንም ቅርፊቱንም አጽድተሽ ከዛ በኋላም ካልሞላ፣ ያኔ ፓምፑ ነው፣ ዋስትናዋ ሳያልቅ ወደገዛችሁበት መልሱና ቀይሩ፣ ለማስጠገን ብር አታውጡባት፣ ፓምፕ የመቀየሪያው ዋጋ ከአዲስ ማሽን ብዙ አያንስም።